የቤንዚን ሽታው ከየት ይመጣል? የአንዲት አሮጌ ቮልስ የሳልቫትዮ ጥገና

መነሻ

ነዳጅ አንጠባጠበ ተብሎ ወደ ጋራዣችን የሚመጣ መኪና ብዙ ነው። አብዛኛው ወሬ የለውም። ቱቦ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ይቀየራል፣ አለቀ። ይህች ቮልስ ግን በሁለት ባለሙያ እጅ አልፋ፣ ሁለቴ "ተሠርታለች" ተብላ ነው የመጣችው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን የማያውቁ ሰዎች አይደሉም። ያሳሳታቸው ጠብታው ነው። ሌላ ሰውም በቀላሉ ሊሳሳትበት ስለሚችል ጉዳዩን ከነሂደቱ ጽፌዋለሁ። የባለቤቱንም የሠራተኞቹንም ስም አልጠቅስም።

መኪናዋ

የ1970 ሞዴል ቮልስ 1300 ናት። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የነዷት መኪና ናት፤ ልጆቻቸውንም ትምህርት ቤት ያመላለሱት በእሷ ነው። "ሽጣትና ተገላገል" የሚላቸው ዘመድ አልጠፋም። ግን ሸጠው ምን ሊገዙ? የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አድርጎታል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ያለችውን ጠግኖ መንዳት ነው።

ቮልስን ለማያውቅ አንባቢ ስለ ሳልቫትዮዋ፣ ማለትም ስለ ነዳጅ ማጠራቀሚያዋ፣ ትንሽ ልበል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ሳልቫትዮዋ ደግሞ ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር። 40 ሊትር ገደማ ይይዛል። የተሠራው አፍ ለአፍ እንደተገጠሙ ሁለት ሳህኖች ከሁለት ላሜራ ነው። ዙሪያውን ጠርዝ አለው። ያ ጠርዝ በቦዲው ክፍት ቦታ ላይ ይቀመጥና በአራት ቡሎን ይታሰራል። ኮፈኑን ስትከፍቱ የምታዩት የላይኛውን ግማሽ ብቻ ነው። የታችኛው ግማሽ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። በጠርዙና በቦዲው መካከል ውሃና አቧራ የሚከላከል ጓርኒሲዮን አለ። ቤንዚኑ ከሳልቫትዮው ሥር ወጥቶ በአጭር የጎማ ቱቦ ወደ ብረት ቧንቧ ይገባል። ቧንቧው በመኪናዋ ወገብ መሃል አልፎ ኋላ ካለው ሞተር ይደርሳል። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ መሙያው ከኮፈኑ ውጭ፣ በስተቀኝ በኩል ነው።

ችግሩ

ቤንዚን ይሸታል። ውስጥ ይሸታል፣ በተለይ ዳሽቦርዱ አካባቢ። ጋሼ፣ መምህሩ፣ እንደነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ነጠላዬ ቤንዚን ቤንዚን አለ ብለው ቤተ ክርስቲያን በታክሲ መሄድ ጀምረዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከመኪናዋ ሥር የመዳፍ ስፋት ያለው እርጥብ ምልክት ይታያል።

እኔን የሳበኝ ቀጥሎ ያሉት ነገር ነው። ሽታው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ሲሞላ ይብሳል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ሲወጡ የባሰ ይሆናል። ጌጁ ከግማሽ በታች ሲወርድ ጭራሽ ይጠፋል። እሳቸውም መላ ብለው ግማሽ ሳይደርስ እያቆሙ መሙላት ለምደዋል። ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ፣ ሰልፉም እንዲያ ሆኖ፣ ግማሽ ግማሽ እየቀዱ መኖር ሌላ ጣጣ ነው። ለቦሎ ምርመራ መቅረቢያውም ደርሷል።

ብዙ ሰው ሽታውን የምቾት ጉዳይ ያደርገዋል። አይደለም። የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ሲደባለቅ ከመቶው 1.4 እጅ ከሆነ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ከ7.6 በላይ ሲሆን ደግሞ አየሩ ስለሚያንሰው አይነድም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቅዝቃዜ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። የአዲስ አበባ ብርድ ለእሱ ምኑም አይደለም። "ባዶ ነው፣ አይነድም" የሚባለው ሳልቫትዮም ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ባዶው ውስጥ ያለው ልክ ያ ድብልቅ ሊሆን ይችላልና።

ከእኛ በፊት የተሞከረው

የመጀመሪያው መካኒክ ከሥር ተኝቶ አየ። ጠብታው የሚወርደው ከሳልቫትዮው መውጫ፣ ቱቦው ከሚገባበት ቦታ ነው። ቱቦውን አወጣው፤ በእርግጥም አርጅቷል። ቀየረው፣ በአዲስ ፋሼታ አሰረው። ማንም የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ያም ቱቦ መቀየር ነበረበት። የድሮ ቮልስ ቱቦዎች በጥጥ ክር የተሸፈኑ ናቸው፤ ከላይ ሲታዩ ደህና ሆነው ከውስጥ ያልቃሉ። በአገራችን ቤንዚን ከኢታኖል ጋር መቀላቀል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ኢታኖል ደግሞ ለዚያ ዘመን ጎማ አይስማማውም፣ ያሳብጠዋል።

ሥራው ሲያልቅ ሽታው ጠፋ። ለምን? ቱቦውን ለመቀየር ሳልቫትዮውን አጉድሎት ነበራ። ጋሼ ሞልተው በነጋታው ጠብታው ተመለሰ።

ሁለተኛው ሠራተኛ ቱቦው አዲስ መሆኑን ሲያይ ጥፋቱን ከመውጫው ዙሪያ አደረገው። መጀመሪያ ደረቅ ሳሙና ለቀለቀበት። ሳሙና በቤንዚን ስለማይሟሟ መንገድ ላይ ለቸገረው ሰው ነፍስ አድን ነው፤ ቤት እስኪደርስ ያደርሰዋል። ከዚያ ሳሙናውን ጠርጎ በሁለት ቱቦ የሚሸጠውን የብረት ማጣበቂያ ለጠፈበት። ማጣበቂያው የተለጠፈው በአሮጌ ቀለምና በቅባት ላይ፣ ቤንዚን እያዣ ነው። እኛ ጋ ስትደርስ በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ ቂጣ ቅርፊት ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ ያለው ብረት ደህና ነበር፤ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም።

እዚያ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ። መውጫው ምንም አልሆነም። ቤንዚኑ ከሌላ ቦታ ወጥቶ፣ የታችኛውን ሳህን ሆድ ተከትሎ፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው የሚንጠባጠበው።

ምንጩን ማግኘት

መሣሪያው ጠመኔ ነው። የመምህሩ መኪና ስለሆነች አይደለም፤ ሁልጊዜም የምንሠራው እንዲህ ነው። የሳልቫትዮውን ሆድ ከሥር በደንብ ጠርገን አደረቅነው። ከዚያ ከጠርዙ እስከ መውጫው ጠመኔ ቀባነው። ሞላነው። በእጅ ባትሪ እያበራን ጠበቅን። ሽቦ ያለው የጋራዥ መብራት ከሥር ማስገባት ክልክል ነው፤ አምፖሉ ቢሰበር የሚሆነውን አስቡት።

ነጩ ጠመኔ ላይ አንድ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ታየ። የሚጀምረው ከመውጫው አይደለም። ከላይ፣ ከኋለኛው ጠርዝ ሥር፣ ዳሽቦርዱ ካለበት በኩል ነው። ፊቷን በክሪክ ከፍ ስናደርጋት፣ ማለትም ዳገት ስናስመስላት፣ መስመሩ ወፈረ። ጋሼ ያሉት ሁሉ ገጠመ። ቀዳዳው በግማሹ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሳልቫትዮው ሲጎድል ይቆማል። ዳገት ላይ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ይብሳል። ለዳሽቦርዱ ቅርብ ስለሆነ ሽታው ውስጥ ይገባል።

ባለቤቱን መስማት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከእኛ በፊት ሽታው መቼ ይብሳል ብሎ የጠየቃቸው እንደሌለ ነገሩኝ።

ማውረድ

መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈታ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከዚያ ቤንዚኑን በመውጫው በኩል ወደ ጀሪካን አወረድነው። በአፍ መሳብ የሚባለውን ተዉት። የተዋጠ ቤንዚን ሆድ ከሚያደርገው ይልቅ ወደ ሳንባ ያመለጠው ጥቂቱ ይብሳል። የወጣውንም አልጣልነውም፤ ማደያ በጀሪካን ስለማይሸጥላችሁ መኪናዋን መልሶ ለማስነሳት ያስፈልጋል።

አጠገባችን ጀበና ቡና የምታፈላ እህት አለች። ከሰሏ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ርቀቷ የሚያሰጋ አይመስልም፤ ግቢያችን ግን ወደ እሷ በኩል ያዘቀዝቃል፣ ትነቱ ደግሞ እንዳልኩት መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ምድጃዋን ተሸክመን ከላይ በኩል ወሰድንላት። "ዛሬስ ምን ልታፈነዱ ነው?" እያለች ሳቀችብን።

ጌጁን፣ የመሙያውን ጎማና የማናፈሻውን ቀጭን ቱቦ አላቀቅን። አራቱ ቡሎኖች በ13 ቁልፍ ይፈታሉ። አንዱ በዝገት ተይዞ ስለነበር ዘይት ጠጥቶ ማደር ነበረበት። ከዚያ ሳልቫትዮው ወደ ላይ ተነሳ።

ጠርዙ ሥር ያገኘነው ነገር የዚህ ሁሉ ጣጣ አባት ነው። ዋናው ጓርኒሲዮን የለም። አንድ ሰው ድሮ ከከመነዳሪ ቆርጦ፣ በማስቲሽ አጣብቆ፣ በምትኩ አስገብቶለታል። ከመነዳሪ ጎማ ነው፤ ግን በቁርጥራጭ ሲገጠም መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ይተዋል። የኮፈኑም ዙሪያ ጎማ ስላለቀ የክረምቱ ዝናብ ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃው በከመነዳሪውና በጠርዙ መካከል ገብቶ መውጫ ያጣል። ከኋላ በኩል ጎማውን ስናነሳው እርጥብ ነበር። ዝናብ ከቆመ ሰንብቷል እኮ። እሱ ባለበት መስመር ሁሉ ላሜራው እንደ አሮጌ ወረቀት ተበልቷል፤ ከዚያ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ግን የፋብሪካው ቀለም ያበራል።

ማጠብና ቀዳዳ መቁጠር

በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ደጋግመን አጠብነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ማጠቡን የምናቆመው ስንሰለች ሳይሆን አፍንጫ ምንም ማሽተት ሲያቅተው ነው። በማግስቱ እንደገና ይሸተታል፤ ዝገት ውስጥ የተደበቀ ቤንዚን አድሮ ይወጣልና።

ለውስጡ ዝገት ቀጭን ሰንሰለት አስገብተን አናወጥነው። ደህና ረገፈ። ከዚያ ጥፋት ያለበት ጎን ወደ ታች እንዲሆን አጋድመን አቼቶ ሞላንበትና አሳደርነው። አርባ ሊትር አቼቶ ማን ይገዛል? ሲጋደም የተበላውን ቦታ ብቻ ስለሚሸፍን ትንሹ ይበቃል። ጠዋት አፍስሰን አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ገደልነው፤ ወዲያው አደረቅነው።

ዝገቱ ሲጠራ ቀዳዳው በዛ። አንድ መስሎ የነበረው ሦስት ሆነ። ይህን ያየ ባለ መኪና አበላሻችሁብኝ ቢል አይገርምም። ስለዚህ አስቀድሞ መንገር ይሻላል። እነዚያ ቀዳዳዎች ድሮም ነበሩ፤ ዝገቱ ደፍኗቸው ነው። ዛሬ ባይወጡ ከርመው ይወጡ ነበር።

ቦታቸውን ለመለየት መውጫዎቹን ሁሉ ደፍነን በብስክሌት መንፊያ ቀስ ብለን አየር ሰጠነው፤ ከውጭ የሳሙና አረፋ ቀባን። ሁለቱ ትልልቅ አረፋ ነፉ። ሦስተኛው ግን ጥቃቅን፣ እንደ ጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ አረፋዎችን ደርድሮ ነው የታየው፤ ዓይን ካልተከለበት አይታይም። ኮምፕሬሰር እንዳትሞክሩ። የሳልቫትዮ ላሜራ ስስ ነው፣ ሆዱ ተነፍቶ ይቀራል።

በምን ይደፈን?

ብዙ ተከራክረንበታል። ሶማሌ ተራ ሄደን ያገለገለ ሳልቫትዮ አየን። ያገኘናቸውም እዚያው ጠርዛቸው ላይ የተበሉ ናቸው፤ የሌላ ሰው ችግር በገንዘብ መግዛት ነው። ውጭ አገር አዲስ ይሠራል፣ ግን ማጓጓዣውና ቀረጡ አያዋጣም። ሜሪላንድ የሚኖር የወንድማቸው ልጅ ሳልቫትዮ ውስጥ ፈስሶ የሚደርቅ ማሸጊያ ልላክ አለ። እሱ ያየው ዓይነት ተቀጣጣይ ማሟሟቻ ያለው ነው። እንዲያ ያለ ነገር በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ጋሼም አልፈለጉም።

የኦክስጅን ብየዳ ያለ ፍርሃት የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። የሌላ መኪና ጭስ በቱቦ አስገብቶ አየሩን አስወጥቶ መበየድ የሚሉም አሉ። እኔ አላምንበትም። የአሮጌ መኪና ጭስ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደቀረ በዓይን አይለካም። ያን ብንተወው እንኳ በዝገት የሳሳ ላሜራ የብየዳ እሳት ሲነካው ቀዳዳው ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

የመረጥነው ስታኞ ነው። ራዲያተር የሚጠግን ሰው ጋ ወሰድነው። ስታኞ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው፤ እንደ አይነቱ ከ183 እስከ 215 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል። እሳት ሳልቫትዮውን አይነካውም፤ የመዳብ ብረቱ ራቅ ብሎ ግሎ ይመጣል። ቢሆንም የጋለው መዳብ ቤንዚን በራሱ ከሚቀጣጠልበት ሙቀት ሊያልፍ ስለሚችል ማጠቡን አያስቀርም። ሳልቫትዮው ውስጥ ውሃም ሞላን። ውሃው ለትነት የሚሆን ቦታ አያስቀርም። እዚህ ላይ ግን ባለሙያው አንድ ነገር አሳየን። ውሃው ከሚሠራው ቦታ ጋር እኩል ከሆነ ሙቀቱን ይሰርቀውና ስታኞው ሳይሰራጭ እንደ ጠጠር ይረጋል። ስለዚህ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረገው።

ላሜራው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ተፋቀ። ቀዳዳዎቹን ብቻ ነጥብ ነጥብ ማድረግ አልፈለገም። "ዙሪያው ስስ ነው፣ ነገ ጎኑ ይበሳል" ብሎ ሦስቱንም የሚሸፍን ቀጭን የመዳብ ልጣፍ ቆረጠ። ሁለቱንም ፊት አስቀድሞ ስታኞ አጠጣቸው፤ ከዚያ ገጥሞ አጋላቸው። ስታኞው በልጣፉ ጠርዝ ዙሪያ እንደ ቅቤ ፈሶ ሲያበራ "በቃ ያዘ" አለ።

ፍተሻው

ውሃ ሞልተን አሳደርነው። ጠብ አላለም። ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ ያቆማል። ግን ውሃ የያዘ ሁሉ ቤንዚን አይዝም። የውሃ የገጽ ውጥረት ከቤንዚን ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ ውሃ የማይደፍረውን ስንጥቅ ቤንዚን ሾልኮ ያልፋል። ትልልቅ የብረት ታንከር የሚሠሩ በያጆች መስመራቸውን በነጭ ጋዝና በጠመኔ የሚፈትሹት በዚህ ምክንያት ነው።

እኛም እንዲያው አደረግን። ውጩን ጠመኔ ቀባን፣ ውስጡን ነጭ ጋዝ ጨመርን፣ በጥፋቱ ጎን አጋደምነው። ልጣፉ ጫፍ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል የቅባት ምልክት ወጣች። ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ያላሳየን ነው። ነጭ ጋዙ ታጥቦ ወጣ፣ ጫፉ እንደገና ተፋቀ፣ ተበየደ፣ ተፈተሸ። ሁለተኛው ጠመኔ ነጭ ሆኖ አደረ።

መልሶ መግጠም

ውጩ አንቲራስት ከዚያም ቀለም ተቀባ። ለጠርዙ ውሃ የማይጠጣ፣ መጋጠሚያው አንድ ብቻ የሆነ ወጥ ጓርኒሲዮን ተገጠመ። መጋጠሚያውን ከፊት አደረግነው፤ ከኋላ በኩል ከሆነ ችግሩ ይደገማል። የኮፈኑ ዙሪያ ጎማ ተቀየረ። ይህ ባይቀየር ኖሮ ልጣፉ ራሱ ከጥቂት ክረምት በኋላ ይበላ ነበር። የመሙያው ጎማ፣ የማናፈሻው ቱቦና ሞተሩ አካባቢ ያሉት የቤንዚን ቱቦዎችም ሁሉ አዲስ ሆኑ።

ማጣሪያው የት ይሁን የሚለው ላይ ጋሼ ተከራከሩን። ድሮም ሞተሩ ላይ፣ ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ ማጣሪያ ነበራት፤ ለማየት ይመቻል ይላሉ። ይመቻል። ግን የጋለ ሞተር ላይ ቱቦው ቢወልቅ ቤንዚኑ የሚፈሰው ብልጭታ ያለበት ቦታ ነው። ቮልስ ከኋላ ተቃጠለች ሲባል ብዙ ጊዜ መነሻው የሞተሩ ቱቦ ወይም የካርቡራተሩ መግቢያ ነው። ስለዚህ ከፊት፣ ከሳልቫትዮው ሥር አደረግነው። ለማየት ጎንበስ ማለት ይኖርባቸዋል።

የሠራውና ያልሠራው

ሽታው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ሞልተው ወደ እንጦጦ ወጥተውባታል፤ ቦሎም ወስዳለች። እትዬም ወደ ቮልሷ ተመልሰዋል።

ያልተሟላም አለ። ጌጁ ከተነቀለ በኋላ ተመልሶ እንደበፊቱ አልሠራም፤ ሞልቶም ሩብ እንደጎደለ አድርጎ ያሳያል። ክንዱን አቃንተን ብንሞክርም አልተስተካከለም። ጋሼ በኪሎ ሜትር እየቆጠሩ ነው የሚቀዱት። የውስጡም ዝገት ሁሉ አልወጣም። አቼቶው ያልነካው ጎን አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማጣሪያው ቶሎ ቡናማ ይሆን ነበር፣ ቀይረነዋል። ሳልቫትዮውን ሞልቶ ማቆም ለዚህ ይረዳል፤ ባዶው ቦታ ሲያንስ ከአየር የሚጤዘው ውሃም ያንሳል። ድሮ ግማሽ እያደረጉ መንዳታቸው ለሽታው መፍትሔ ቢሆንም ለዝገቱ ግን ተስማምቶት ነበር።

ወደ ሌላ መኪና ሲወሰድ

ዝርዝሩ የቮልስ ቢሆንም አካሄዱ ለሌላም ያገለግላል። ሳልቫትዮ ከኋላ የታሰረባቸው አሮጌ መኪኖች የሚበሉት ማሰሪያው ቆርቆሮ ከሚያርፍበት መስመር ነው፤ እዚያም ጎማ ወይም ጨርቅ ገብቶ ውሃ ይይዛል። ጠብታው ግን የሚታየው ከሆዱ ዝቅ ካለው ቦታ ነው። ስለዚህ ከመንቀል በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፤ ሲሞላ ይብሳል ወይ፣ በየትኛው ተዳፋት ይብሳል፣ ጌጁ የት ሲደርስ ይቆማል። ከግማሽ በላይ ብቻ የሚያፈስ ሳልቫትዮ የመውጫው ቱቦ ጥፋት ሊሆን አይችልም፤ ቱቦው ሁልጊዜ ቤንዚን ውስጥ ነዋ። ሩብም ቀርቶት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ከቱቦው ይጀመር።

ስታኞ ለየትኛውም ሳልቫትዮ አይሆንም። ፕላስቲክ የሆኑት ሌላ ጉዳይ ናቸው። ብረትም ሆኖ ጠርዙ ሁሉ ወንፊት ከሆነ፣ ወይም ማሰሪያው የሚሸከመው ቦታ ከተበላ፣ ልጣፍ ክብደት አይችልም፤ መለወጥ ነው። የዚህች ቮልስ ጥፋት ሸክም በሌለበት፣ ከስንዝር በማይበልጥ መስመር ላይ ስለነበር ነው የሆነው።

አንድ ያልነካነው ቦታ አለ። ቤንዚኑን ወደ ኋላ የሚወስደው የብረት ቧንቧ እድሜው ከሳልቫትዮው እኩል ነው፤ በወገቧ መሃል ተሸፍኖ ስለሚያልፍ በዓይን አይታይም። ለጋሼ የነገርኳቸው፣ ዳግመኛ ከመሪው በኩል ሳይሆን ከማርሹ አካባቢ ሽታ ከመጣ፣ ሳይነዱ እንዲደውሉልኝ ነው።